ሁለቱ ፉርጎዎች

ሥራዬ ዳገት ነው፣ በቫልፓራይሶ፤
አንዱን ሽቅብ ስልከው ሌላው ወርዶ፣ ደርሶ፤
ሁለት የእንጨት ፉርጎ፣ እንደ ባልና ሚስት፣
በአንድ ገመድ ታስረው ይኸው ስንት ዓመት።

እናቷ ጎህ ሳይቀድ ወደ ዓሣ ፋብሪካ፤
ፍሬሲያ ከኔ ጋር፣
በርጩማው ላይ ሆና፣ እግሯ መሬት ሳይነካ።
አምስት ዓመቷ ነው። አንድ ጥርሷ ወልቋል፤
በዚያች ሽንቁር በኩል ጥያቄ ይፈልቃል።

«አባዬ፣ ትናንት ግን የት ነው የሚሄደው?
ቁልቁል የሚወርደው ፉርጎ ነው የሚወስደው?
ዓሣ ሲጠማውስ ምንድነው የሚጠጣ?
መብራት ሲበራስ ጨለማው በየት ወጣ?
ድመቷ ስሟን ታውቀዋለች ወይስ እኛ ደስ እንዲለን ነው የምትመጣው?»

ተሳፋሪ ይስቃል። ዶኛ ኦርቴንሲያ፣
ሽንኩርቷን እንዳቀፈች፣ «አፍሽ አይደክመውም ወይ፣ ፍሬሲያ?»
እኔ ጥርሱን ግራሶ እቀባለሁ።
ብሎን ሲላላ አውቃለሁ፣ ፍሬን ሲያረጅ አውቃለሁ፤
ትናንት የሚሄድበትን ከየት አመጣለሁ?

መጀመሪያ ዋሸሁ።
«ትናንት» አልኳት «ከተራራው ጀርባ ነው የሚተኛው።»
በነጋታው ጫማዋን ግራና ቀኝ አቀያይራ አጥልቃ፣
በር ላይ ጠበቀችኝ፣ ከኔ ቀድማ ነቅታ፣ ምሳዋን ሰንቃ።
«እንሂድ» አለችኝ፣ «ተራራው ጀርባ።
ግራ ጓንቴን ትናንት ውስጥ ረስቼዋለሁ።»
ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባል የለ?
የኔማ አንድ ሌሊት እንኳ በወጉ ሳያድር ቀለለ።

ቀጥሎ ተቆጣሁ።
«ዝም በይ!» አልኳት፣ ማንሻውን እየሳብኩ።
ዝም አለች። ያን ዕለት ሽቅብ ቁልቁል ዝምታ አመላለስኩ፤
ትኬት ያልቆረጠ፣
ከሰው ሁሉ ይበልጥ ገመዱን ያስጨነቀ።

ሐምሌ ላይ ነበረ፣ ዝናብ እንደመጣ፤
ዶን ኤውስታኪዮ ከመስኮቱ ጥግ ታጣ፤
ያ ባርኔጣውን አንስቶ ለፉርጎው ሰላም የሚል፣
ከትኩስ ዳቦው ጫፍ ቆርሶ ለሷ የሚያካፍል።
«ሞተ» አልኳት።
«እሺ» አለች። ደግሞ ጥቂት ቆይታ፣
«ሞቶስ የት ወረደ? የት ነው የሱ ፌርማታ?»

አፌን ከፈትኩ።
የቄሱ መልስ ነበረኝ፣ የእናቴም፣ የቴሌቪዥኑም፤
እንደ ተውሶ ካፖርት ናቸው፣ ለካኋቸው፣ ክንዴን አይሸፍኑም።
«አላውቅም» አልኳት።
ከዓይኗ እንዳልወርድ ፈራሁ፣
እንደ ተበጠሰ ገመድ፣ በአንድ ጊዜ፣ እስከ ወደቡ።
እሷ ግን ከበርጩማው ዘለለች፣ ፊቷ በራ፤
«አንተም አታውቅም?» አለች፣
ሰፈር ውስጥ አዲስ ልጅ እንዳገኘ ሰው፣ የሚጫወት ከሷ ጋራ።

ዳገቱ ወገብ ላይ አንድ ቦታ አለ፣
የሚወጣው ከሚወርደው ትከሻ ለትከሻ ሚተላለፍበት፤
ተሳፋሪው በመስኮት ይተያያል፣
እጁን ለማውለብለብ እንኳ ጊዜ አይበቃውም።
እኔና ልጄ ያን ጧት እዚያ ቆምን፣
ሞተሩ ሳይጠፋ።

ከዚያ ወዲህ መልስ ያጣንለትን
በተበሳ ትኬት ጀርባ እጽፈዋለሁ፣ እሷ ፊደል ገና ናት፤
የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ትጥለዋለች። ክዳኑ አልገጥም ብሏል።
«ሳልወለድ በፊት ናፍቄህ ነበር?» የሚለው ከላይ ነው።
ዶኛ ኦርቴንሲያም ሰሞኑን አንድ ጨምራለች፤
ምን እንደሆነ ለኔ አልተነገረም።
አጣጥፋ ሰጠቻት፣ ዓይኗን በመዳፏ ጠርጋ፣
ሽንኩርቱ ነው ብላ።

ቅዳሜ ዕለት ሞተሩን ሥር ሥሩን ስጠርግ
ጓንቷ ተገኘ፣ በግራሶ ርሶ።
«አየህ!» አለች፣ «ትናንት እዚህ ነበር፣
ጓንቴን ተንተርሶ።»
ልክ ነሽ አላልኳትም። ተሳስተሻልም አላልኳት።
ደወሉን መታሁ፤ ፉርጎው ተነሣ።